«ሥራዬ ጸሎቴ ነው» ለሚሉ ሰዎች

ትምህርትም ሥራም ካላቸው ካቶሊካውያን ወንድሞችና እኅቶች አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ ያማረ ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። ተናጋሪውን ትጉህ ያስመስለዋል፥ ሃይማኖተኛም ያስመስለዋል፤ በዚህም ላይ ምንም አያስከፍለውም። እኔ ግን ይህ ቃል ዛሬ በሚነገርበት አኳኋን ሐሰት ነው እላለሁ። ሥራ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን ሳይጸልዩበት በራሱ ጊዜ ጸሎት የሚሆን ሥራ የለም። በቃና ዘገሊላ ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ሆኖም ጌታ ወደ ሰርጉ ተጠርቶ በዚያ ተገኝቶ ነበር። ጌታን ሳይጠራ ጋኑን ሞልቶ «ወይን ጠጅ ነው» የሚል ሰው እንግዶቹን ውሃ ያጠጣቸዋል።

ይህን የምጽፍ እኔ ካህን ወይም መነኩሴ አይደለሁም። እንጀራዬን ያገኘሁት በሒሳብ ሥራ ነው፤ ዕድሜዬም ያለፈው በደረሰኝና በመዝገብ መካከል ነው። ስለዚህ የማውቀውን የምናገረው ከጠረጴዛዬ ኋላ ተቀምጬ ነው። ምእመን በሳምንት ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ በሥራ ቦታው ግን አርባ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እንግዲህ እግዚአብሔር በእነዚያ በአርባው ሰዓታት ውስጥ ካልታሰበ፥ በሕይወታችን ውስጥ መቼ ሊታሰብ ነው? ስለዚህ ክርክሩ የቃላት ክርክር አይደለም። የዕድሜያችን ትልቁ ክፍል የማን ነው የሚል ክርክር ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ይህንኑ ቃል ነገረኝ። «ጋሼ፥ እኔ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ እስኪመሽ ድረስ ስሠራ እውላለሁ። ለጸሎት ጊዜ የለኝም፤ ግን ሥራዬ ጸሎቴ ነው፤ እግዚአብሔርም ይህን ያውቃል» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ዛሬ ከሠራኸው ውስጥ እግዚአብሔርን ያሰብክበት የትኛው ነው?» ስል ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና «እንዲያው በጠቅላላው ነው እንጂ ይህ ነው ብዬ ለይቼ መናገር አልችልም» ሲል መለሰልኝ።

ይህ ወጣት በሙያው የተመሰገነ ነው። መርማሪ መጥቶ «ይህ ወጪ ለምን ወጣ?» ብሎ ቢጠይቀው «እንዲያው በጠቅላላው ነው» ብሎ አይመልስም፤ ደረሰኙን፥ ቀኑን፥ የፈቀደውንም ሰው ፊርማ ያቀርባል እንጂ። ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ለነፍሱ ግን በጠቅላላው ይበቃል ይላል። እንዲህ ያለው ጸሎት ከመዝገብ ያልገባ ገንዘብ ነው፤ አለ ቢሉትም የሚያገኘው የለም። እናቱን «በጠቅላላው አስብሻለሁ» ብሎ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቃት የሚቀር ልጅ እናቱን እንደሚወድ ማን ያምነዋል?

«ነገር ግን ቅዱሳን እንዲህ ብለዋል» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩትም ቅዱስ ቤነዲክቶስን ነው፤ «ጸልይና ሥራ» የሚለው የላቲን አባባል በእርሱ ስም ይነገራልና። ይሁን እንጂ ቅዱሱ በ6ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የመነኮሳት ሥርዓት ውስጥ ይህ አባባል አይገኝም፤ በኋላ ዘመን የመጣ ማጠቃለያ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው ከዚህ የጠነከረ ነው። የጸሎት ምልክት በተሰማ ጊዜ መነኩሴው በእጁ የያዘውን ሁሉ ትቶ ፈጥኖ እንዲሄድ፥ ለእግዚአብሔር ከሚቀርበውም አገልግሎት የሚቀድም አንዳች ነገር እንዳይኖር ያዝዛል። ሥራው ራሱ ጸሎት ከሆነ መነኩሴው ዶማውን ጥሎ ወደ ቤተ ጸሎት የሚሮጠው ለምንድር ነው? ከጸሎት ወደ ጸሎት ለመሄድ መሮጥ ያስፈልጋልን?

ይኸው ቅዱስ በሌላ ምዕራፍ የገዳሙ መጋቢ የገዳሙን ዕቃ ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት አድርጎ እንዲመለከተው ያዝዛል። ይህ ለሥራ የተሰጠ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ክብሩ ወደ ዶማው የመጣው ከጽዋው ነው፤ ከዶማው ወደ ጽዋው አልሄደም። ጽዋውን በየቀኑ በፍርሃት የሚያይ ሰው ዶማውንም በአክብሮት መያዝ ይማራል። ወደ ጽዋው ፈጽሞ የማይቀርብ ሰው ግን «ዶማዬ እንደ ጽዋ ነው» ቢል አነጋገር ብቻ ይሆንበታል። ዳግመኛም ቅዱስ ቤነዲክቶስ ስለ እጅ ጥበብ ባለሙያዎች ሲናገር፥ በሙያው የሚታበይ ሰው ከዚያ ሙያ እንዲነሣ፥ የሚሸጠውም ዕቃ ማታለል የሌለበትና ከሌላው ሰው ዋጋ ጥቂት ቅናሽ ያለው እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲህ በቤነዲክቶስ ስም መከራከር የሚፈልግ ሰው ደወሉንም ቅናሹንም አብሮ ይቀበል።

ሁለተኛው የሚጠሩት ምስክር በፓሪስ በቀርሜሎስ ማኅበር ገዳም የነበረው ወንድም ሎራን ነው፤ ያረፈውም በ1691 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይህ ሰው ብዙ ዘመን በገዳሙ ወጥ ቤት ሠርቷል፤ በኋላም ጫማ ሰፊ ሆኗል። በድስትና በእሳት መካከል ሆኖ እንደ ቤተ ጸሎት ያህል እግዚአብሔርን ያገኝ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ተናግሯል። «እነሆ!» ይሉኛል። እኔም እነሆ እላለሁ፤ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ይህ ወንድም በገዳሙ የተወሰኑትን የጸሎት ሰዓታት አልተወም። ሐሳቡንም ወደ እግዚአብሔር መመለስ ልማድ እስኪሆንለት ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል እንደ ተቸገረ በመልእክቶቹ ገልጿል። እርሱ በዐሥር ዓመት ትግል የደረሰበትን ቦታ እኛ በአንድ አባባል ደረስንበት እንላለን። እርሱ እሳት ፊት ቆሞ በየጊዜው ከእግዚአብሔር ጋራ ይነጋገር ነበር፤ እኛ ግን ሳንነጋገር «ሥራው ይናገርልኛል» እንላለን።

ስለ መነኮሳት ይህን ያህል ከተናገርሁ በኋላ አንድ ሰው «እነርሱ መነኮሳት ናቸው፤ እኛ ግን አለቃ፥ ባለጉዳይና ቀነ ገደብ ያለብን ሰዎች ነን» ይለኝ ይሆናል። መልካም፤ እንግዲያውስ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መንግሥት ሠራተኞች የሚሉትን እንይ። ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። አንድ ቀን ወይን ጠጁን ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ ፊቱ እንዳዘነ አይቶ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ንጉሥ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ማዘግየት አይቻልም። ነህምያ ግን በንጉሡ ጥያቄና በእርሱ መልስ መካከል ባለች አንዲት ትንፋሽ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ ከዚያም ተናገረ። ጠጁ አልፈሰሰም፥ ንጉሡም አልጠበቀም፥ ጸሎቱም አልቀረም። ነገር ግን ይህች አጭር ጸሎት ከባዶ ልብ አልወጣችም። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ለወራት ሲያዝን፥ ሲጾምና ሲጸልይ ቆይቶ ነበር። ጓዳው ሙሉ ስለ ነበረ በጭንቅ ሰዓት የሚቀዳ ነገር አላጣም።

ነቢዩ ዳንኤል ደግሞ ለእኔ ሙያ ከሁሉ የሚቀርብ ነው። ንጉሡ ዳርዮስ በመንግሥቱ ላይ 120 መሳፍንት ሾመ፤ በእነርሱም ላይ ንጉሡ እንዳይጎዳ ሒሳብ የሚቀበሉ ሦስት አለቆች አደረገ። ከሦስቱ አንዱ ዳንኤል ነበር። ጠላቶቹ ሊከሱት በፈለጉ ጊዜ በመጀመሪያ የመረመሩት ሥራውን ነው፤ በሥራው ግን ስሕተትም በደልም አላገኙበትም። ሲቸግራቸው ወደ ጸሎቱ ሄዱ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበርና። አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ አድርገህ ተመልከት። የዳንኤል ከሳሾች በመዝገቡ ላይ ነውር ቢያገኙ ኖሮ ጸሎቱን ባልነኩም ነበር። እኛን የሚከሱን ሰዎች ቢነሡ ግን እስከ ጸሎታችን ድረስ መሄድ ያስፈልጋቸዋልን? ከመዝገባችን ላይ የሚበቃቸውን ያገኙ የለምን?

ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ እርሱም በአገራችን በየግድግዳው ተሰቅሎ ይገኛል። የግእዝ ሥርዓት የተወረሱ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉት፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠለስት ማለት ሦስት ሰዓት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ሰዓት ነው። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ጨለማ በምድር ላይ የሆነበት ነው። ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ነው። የአውሮፓ ካቶሊክም እነዚህኑ ሰዓታት ሦስተኛ፥ ስድስተኛና ዘጠነኛ እያለ በላቲን ይጠራቸዋል፤ ነገር ግን የእጅ ሰዓቱን ባየ ጊዜ ሦስተኛው ሰዓት ዘጠኝ ሆኖ ስለሚያገኘው ማስላት ያስፈልገዋል። ለእኛ ግን ሰዓታችን ራሱ ያው የሐዋርያት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት መሥሪያ ቤቱ በባለጉዳይ ይሞላል፤ በስድስት ሰዓት ለምሳ እንነሣለን፤ በዘጠኝ ሰዓት ድካም ይመጣል፤ ሠርክ ሲደርስ መዝገቡን እንዘጋለን። አባቶቻችን የጸሎቱን ደወል በሥራው ቀን መካከል ሰቅለውልናል፤ እኛ ግን በየቀኑ ወደዚያው ሰዓት እያየን የምንቆጥረው ለምሳና ለመውጫ የቀረውን ደቂቃ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የማይጸልዩትን ነው። አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ሌላው ወገን እመልሳለሁ፤ ሥራውን በጸሎት ስም የሚሰርቅም አለና። በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልናገር፤ የመሥሪያ ቤቱንም የሰውየውንም ስም አልጠራም። ጥቁር ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ጡረታ ለማስፈጸም ፋይላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከጠረጴዛው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉም አጠገብ መቁጠሪያ ተቀምጧል። ሠራተኛው በጆሮ ማዳመጫ መንፈሳዊ ነገር ይሰማ ነበር። እናቲቱ ሦስት ጊዜ «ልጄ» አሉት። በሦስተኛው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወጣና «እማማ፥ ዛሬ አይሆንም፤ ሰኞ ይምጡ» ብሎ መልሶ ከጆሮው ከተተው። ፋይሉን አልከፈተውም። እናቲቱ ከየት እንደ መጡ፥ ለመሳፈሪያም ስንት እንዳወጡ አልጠየቀም።

ይህ ሰው በዚያች ሰዓት ይጸልይ ነበርን? እኔ አልጸለየም እላለሁ። ጌታ በጥቁር ነጠላ መጥቶ «ልጄ» ሲለው ማዳመጫው ጆሮውን ደፈነበት። የሥራ ሰዓት በደመወዝ የተሸጠ ሰዓት ነው፤ ከሸጥነው ሰዓት ላይ ቆርጦ ለእግዚአብሔር መስጠት ከሰው ኪስ አውጥቶ መመጽወት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ በዘመኑ የነበሩትን ካህናት የወቀሳቸው ዕውር፥ አንካሳና በሽተኛ እንስሳ ወደ መሠዊያው ስላመጡ ነው፤ ይህንኑ ለአገረ ገዢያቸው ቢያቀርቡለት ይቀበላቸው እንደ ሆነም ጠይቋቸዋል። የተዝረከረከ መዝገብ፥ ያልታረመ የተማሪ ወረቀት፥ በግማሽ የታሰረ ቁስል፥ ሲሚንቶው የጎደለ ግድግዳ እነዚህ ሁሉ የዛሬ አንካሳ በጎች ናቸው። ለአለቃችን የማናቀርበውን «ለእግዚአብሔር አቀረብሁ» ማለት ድፍረት ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው። አንዱ ሥራ አለኝ ብሎ ጸሎቱን ይተዋል፤ ሌላው ጸሎት አለኝ ብሎ ሥራውን ይተዋል። ሁለቱም ጸሎትና ሥራ እንዳይገናኙ አድርገው በመካከላቸው ግድግዳ ሠርተዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዛሬው ዓለም በሚናገረው ሰነድ፥ ብዙ ምእመናን በሚያምኑት እምነትና በዕለት ኑሯቸው መካከል ያደረጉትን መለያየት ከዘመናችን ከባድ ስሕተቶች መካከል ቈጥሮታል።

በቃል የሚጸለይ እውነተኛ ጸሎት ለምን እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው ግን የጉቦ ነገር ነው። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ። ይህን ተረት የሚያምን ሰው «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» ለማለት ምንም አይከለክለውም፤ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እኔም ሲኖሩ አይቻለሁ። ነገር ግን በሦስት ሰዓት የባለጉዳዩን ስም ከፋይሉ ላይ አንብቦ «ጌታ ሆይ፥ ይህን ሰው ባርከው፤ ጉዳዩንም በቅን እንድፈጽምለት እርዳኝ» ብሎ የጸለየ ሰው፥ በአራት ሰዓት ያንኑ ሰው በምን ዓይን አይቶ እጁን ይዘረጋል? ወይ ጸሎቱን ይተዋል፥ ወይ ጉቦውን ይተዋል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቀን አብረው ሊውሉ አይችሉም። ለዚህ ነው ሰዎች በጠቅላላው የሚጸለየውን ጸሎት የሚወዱት፤ እርሱ ስም አይጠራም፥ ሰዓት አይወስንም፥ ስለዚህም ማንንም አያሳፍርም።

ይህ ሁሉ የሚቻል አይደለም ለሚል ሰው አንድ ምስክር ላቅርብ። ጁሴፔ ሞስካቲ በ1880 በጣልያን አገር በቤነቬንቶ ከተማ ተወለደ፤ በናፖሊ ሐኪምና የሕክምና መምህር ሆኖ ሠራ። በ1906 የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ በአቅራቢያው በነበረ ሆስፒታል የተኙትን በሽተኞች አስወጥቶ አዳነ፤ ከወጡም በኋላ የቤቱ ጣራ ወደቀ። በየቀኑ ጧት ቅዳሴ ያስቀድስ፥ ይቈርብም ነበር፤ ከዚያም ወደ በሽተኞቹ ይሄዳል፤ ከድኆችም ገንዘብ አይቀበልም ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን ጸሎትን በሕክምና ዕውቀት ፈንታ አላደረገውም። በዘመኑ የመጣውን አዲስ ሳይንስ የሚከታተል፥ በሽታን ለይቶ በማወቅም የተመሰከረለት ሰው ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 1927 ጧት አስቀድሶና ቈርቦ፥ በሽተኞቹንም አይቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን በ1987 ቅዱስ ብላ ስሙን ጠራች። ይህ ሰው ሥራውን «ጸሎቴ ነው» ለማለት መብት ነበረው፤ ነገር ግን ሥራውን ሳይጀምር በፊት ሄዶ ይንበረከክ ነበር።

አሁን ወደ ተለመዱት ምክንያቶች ልምጣ። የመጀመሪያው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ሒሳቡን እናድርገው። ጧት መዝገቡን ሳንከፍት አንድ ደቂቃ፥ በሦስት ሰዓት አንዲት ትንፋሽ፥ በቀትር የእመቤታችንን የብሥራት ጸሎት ለመድገም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፥ በዘጠኝ ሰዓት አንዲት ትንፋሽ፥ በመውጫ ሰዓት ኅሊናን ለመመርመር ሦስት ደቂቃ፤ ጠቅላላ ድምሩ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። አንድ ሲኒ ቡና ከዚህ ይበልጣል፤ በስልክ ላይ ወሬ ማየት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ ከልብ ለሚፈልግም ሰው ዐሥር ደቂቃ አይጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነው። እኔ በሠራሁበት ቦታ ሙስሊም ባልደረባ ነበረኝ። የቀትር ሶላት በደረሰ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅር፥ ማንንም ሳያስቸግር፥ በምሳ ሰዓቱ ታጥቦ ይሰግዳል፤ ከዚያም ተመልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ኦርቶዶክሳውያን ባልደረቦቼም በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሲሠሩ አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ ካቶሊክ በማዕዱ ላይ ለማማተብ ግራና ቀኙን የሚያይ ከሆነ የሚያፍረው በማን ነው? ደግሞም እኔ የምናገረው ስለሚታይ ጸሎት አይደለም። ጌታ የጎዳናውን ጸሎት ነቅፎ የተዘጋውን ክፍል አመስግኗል። ልብ በባለጉዳይ ፊት እንኳ ሊዘጋ የሚችል ክፍል ነው። በሥራ ቦታ ያለው ጸሎት ለባልደረባ ሸክም፥ ለአለቃ ማባበያ፥ ለራስም መታያ መሆን የለበትም።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? ብዙ ነገር በአንድ ቀን የሚጀምር ሰው ብዙውን በሳምንቱ ይተዋል፤ ስለዚህ በጥቂቱ ይጀምር። ጧት ቁልፉን ከማስገባቱ በፊት ቀኑን ለእግዚአብሔር ይስጥ። የባለጉዳይን ፋይል ሲከፍት የባለቤቱን ስም በልቡ ይጥራ። በቍጣ መልስ ከመስጠቱ በፊት እንደ ነህምያ አንዲት ትንፋሽ ይውሰድ። ፊርማውን ከማኖሩ በፊት «ይህን በፊትህ ልፈርመው እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ አይደለም ከሆነ ብዕሩን ያስቀምጥ። ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት፥ አስተማሪ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት፥ ሾፌር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንዲሁ ያድርግ። ማታም ቀኑን እንደ ሒሳብ ይዝጋው፤ የተቀበልሁት ምንድር ነው? ለማን ዕዳ አለብኝ? ማንን አስለቅሼ ሰደድሁ? ለነገ የማስተካክለውስ የትኛውን ነው? የኢግናጥዮስ ልጆች ይህን የኅሊና ምርመራ በየቀኑ ያደርጉታል፤ እኛ የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ከማንም ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ነበር።

ቀኑን ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት የተናገርሁት ነገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1844 በደቡብ ፈረንሳይ ቫልስ በምትባል ቦታ የሚማሩ ወጣት ኢየሱሳውያን ወደ ሩቅ አገር ሄደው ወንጌል ለመስበክ ቸኩለው ትምህርቱ ሰልችቷቸው ነበር። አባ ፍራንሷ ዣቪየ ጎትርሌ የተባሉት መምህራቸው ግን የዕለት ትምህርታቸውንና ድካማቸውን በጸሎት እያቀረቡ ከዚያው ከወንበራቸው ሐዋርያት ሊሆኑ እንደሚችሉ አስተማሯቸው። ከዚህም ትምህርት የጸሎት ሐዋርያነት የሚባለው ማኅበር ተነሣ፤ ጧት ጧት ቀኑን የማቅረብም ልማድ በብዙ አገር ተሰራጨ። አባ ጎትርሌ ለልጆቹ «ማጥናታችሁ ራሱ ጸሎት ነውና ሌላ አትጨነቁ» ብለው አላሰናበቷቸውም። አቅርቡት ነው ያሏቸው።

የነገሩም ቁም ነገር በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው። ጌታ በናዝሬት ብዙ ዓመት በጸራቢ ቤት ኖሯል፤ ስለዚህ ሥራችን ለእግዚአብሔር የማይገባ ርኩስ ነገር ነው የሚል ቢኖር እርሱ ወንጌልን አያውቅም። ግን በቅዳሴ ጊዜ በመንበሩ ላይ ያለውን ኅብስት ተመልከቱ። ገበሬ አርሶታል፥ ባለ ወፍጮ ፈጭቶታል፥ ጋጋሪ ጋግሮታል፤ የብዙ ሰው ላብ አለበት። ሆኖም ስንዴ በራሱ እግር ወደ መንበር አይሄድም። የሚያነሣው እጅ፥ የሚጸልይበትም አፍ ያስፈልገዋል። ሳይነሣ የቀረው ስንዴ መልካም ስንዴ ነው፥ ሰውንም ይመግባል፤ ቁርባን ግን አይሆንም።

የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ነገ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል በጠረጴዛችን ላይ ይጠብቀናል፤ ነዶው ታስሮ፥ ፋይሉ ተከምሮ፥ ባለጉዳዩም በር ላይ ቆሞ። «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» የምትል ወንድሜ ሆይ፥ ቃልህን ተው አልልህም። እውነት አድርገው እልሃለሁ። በሦስት ሰዓት ቀና በልና የፊተኛውን ባለጉዳይ ስም ጥራ፤ ከዚያም ጉዳዩን ፈጽምለት።